አራስ ሕፃን በአደራ ተቀብሎ በጉዲፈቻ ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በኢትዮጵያ ውስጥ ጨቅላ ሕፃን በአደራ ተቀብለው ኋላ በጉዲፈቻ ልጃቸው ለማድረግ ለሚያስቡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው።

በአደራ ማሳደግና ጉዲፈቻ በምን ይለያያሉ?

በአደራ የተቀበላችሁት ሕፃን እናንተ ቤት ያድራል፤ ሌሊት የምትነሱለትም፣ ሐኪም ቤት የምትወስዱትም እናንተ ናችሁ። በሕግ ግን ገና ልጃችሁ አይደለም። ስለ እሱ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው አደራውን የሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወላጅ ወይም ዘመድ ቢገኝና ለሕፃኑ የሚበጀው ከእነሱ ጋር መኖር ከሆነ ይመለሳል።

ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው ነው። ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ልጁ በማናቸውም ረገድ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል፤ ይወርሳችኋል፣ በስማችሁ ይጠራል፣ የመቀለብና የመጦር መብትና ግዴታም ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያሉት ወራት ከባዶቹ ናቸው። ሕፃኑ ሙሉ ፍቅር የሚፈልገው ያኔ ነው፤ እናንተ ግን ዋስትና የላችሁም። ይህን ቀድማችሁ አውቃችሁ የምትገቡበት መሆን አለበት።

ማን ማሳደግ ይችላል? ያላገባ ሰውስ?

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉ ከሁለቱ አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ያገባ ሰው ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ዋናው የትዳር ጓደኛን ልጅ ማሳደግ ነው። ያላገባ ሰውን ሕጉ አይከለክልም። ልጅ ያላቸውም መጠየቅ ይችላሉ።

ይህ የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይን ጨምሮ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ የምትኖሩበትን ክልል ሕግ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

የት ነው የሚጀመረው? ምን ምን ይጠየቃል?

የሚጀመረው ከምትኖሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የታደሰ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ (ነጋዴ ከሆናችሁ ንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ)፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ እና የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል ናቸው። የኪራይ ቤት እንቅፋት አይደለም፤ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ግን ጥያቄ ይነሳበታል።

ቀጥሎ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታችሁ ይመጣል። የሚያየው ሕፃኑ የት እንደሚተኛ፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት ቦታ ከሕፃኑ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ውሃ እንዴት እንደምታገኙ፣ ቀን ቀን ማን ቤት እንደሚውል ነው። ከባልና ከሚስት ጋርም ለየብቻ ይነጋገራል። ብዙ ጥያቄ የሚሰናከለው በድህነት አይደለም፤ አንደኛው ወገን ልቡ ሳይፈቅድ ለሌላው ብሎ ሲመጣ ወይም ቤተሰቡ ሕመምና ዕዳ ደብቆ ኋላ ሲገለጥ ነው። ያለውን እንዳለ ንገሩ።

አራስ ሕፃን ለማግኘት ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል? ሕፃናት ማሳደጊያው ሙሉ አይደለም?

ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ሁሉ ለጉዲፈቻ ዝግጁ አይደለም። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን መጀመሪያ በፖሊስ ይመዘገባል፣ ጤና ተቋም ይመረመራል፣ ከዚያ ጊዜያዊ ማቆያ ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ክበበ ፀሐይ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ወላጅ ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ዘመድ ይፈለጋል። ይህ ካልተሳካ ነው ወደ አደራ ቤተሰብና ወደ ጉዲፈቻ የሚኬደው። ቅደም ተከተሉ እናንተን ለማስጠበቅ የተሠራ አይደለም፤ የገዛ አክስቱ እየፈለገችው ያለች ሕፃን ለባዳ እንዳይሰጥ ነው።

በተጨማሪ የአብዛኛው አመልካች ጥያቄ «ሴት ትሁን፣ ጤነኛ ትሁን፣ ከአንድ ወር አትብለጥ» የሚል ነው። ለወንድ ልጅ፣ ለመንታ ወይም ስድስት ወር ላለፈው ሕፃን በራችሁን ብትከፍቱ ጥበቃው ያጥራል።

አንዲት ምስኪን እናት ልጇን ልትሰጠን ፈቃደኛ ናት። በሽማግሌ ፊት ውል ብንዋዋል አይበቃም?

አይበቃም። የጉዲፈቻ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በሕጉ ውጤት የለውም። ሽማግሌ፣ እድር፣ የሃይማኖት አባት ቢፈርሙበትም፣ እናትየው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ብትፈርምም ያው ነው። ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ካልታወቀ የሌላኛው ይበቃል።

ትክክለኛው መንገድ እናትየውን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መሄድ ነው። እዚያ ሳትገፋ ትጠየቃለች፤ አንዳንዴ የጎደላት የሦስት ወር ቤት ኪራይ ወይም ከቤተሰቧ ጋር የሚያስታርቃት ሰው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ልጅ ለሚያገናኝ ደላላም ሆነ ለእናትየው ገንዘብ መክፈል ግን ወደ ሕፃናት ንግድ ወንጀል ያስገባችኋል። ሕፃኑን «እኔ የወለድኩት» ብሎ ማስመዝገብም ወንጀል ነው፤ ከወንጀሉ ሌላ፣ በውርስ ክርክር ጊዜ ልጁን ባዶ እጁን የሚያስቀረው ይኸው የሐሰት ወረቀት ነው።

ሕፃኑን ስንረከብ ምን መጠየቅ አለብን?

የአደራ ስምምነቱን ቅጂ፣ የፖሊስ ማስረጃውን ቅጂ፣ የክትባት ካርዱንና የጤና ማኅደሩን በእጃችሁ ሳትይዙ አትውጡ። የተወለደበት ክብደት ከታወቀ ይጻፍላችሁ፤ የዕለቱን ክብደት ደግሞ እዚያው አስመዝኑ። የትኛውን ወተት በምን መጠን፣ በስንት ሰዓት ልዩነት ሲወስድ እንደነበርም ጠይቁ፤ ወተቱን በድንገት መቀየር ሆዱን ስለሚያውክ መጀመሪያ ላይ በዚያው ቀጥሉ።

ሲገኝ የለበሰው ልብስ ወይም የተጠቀለለበት ጋቢ ካለ በአደራ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ማሳደጊያዎች ቦታ ሲያጥራቸው ይጥሉታል። ለዚያ ልጅ ግን ከመነሻው የቀረለት ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላል።

የእናት ጡት ከሌለ ምን እና ስንት እንመግበው?

እስከ ስድስት ወር ለሕፃናት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ብቻ። የላም ወተት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ጨውና ፕሮቲኑ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ የብረት ማዕድኑ ደግሞ ያንሳል። የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ ማር ማስላስ አያስፈልጉም፤ ማር እንዲያውም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል። 3 ኪሎ የሚመዝነው 450 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በስምንት ሲካፈል በየሦስት ሰዓቱ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በዚህ ስሌት አንድ የ400 ግራም ጣሳ ስድስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሕፃኑ 5 ኪሎ ሲሞላ ከአራት ቀን አያልፍም። ወጪውን አሁኑኑ አስሉት። ገንዘብ ሲያጥር ውሃ እያበዙ ማቅጠን ብዙ ሕፃን ሆዱ እየሞላ እንዲከሳ የሚያደርግ ስህተት ነው፤ ማወፈርም የሆድ ድርቀትና የሰውነት ድርቀት ያመጣል። ማንኪያው የጣሳው ይሁን፣ አፉ በቢላ ጀርባ ይስተካከል፣ መጠኑ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ይሁን።

ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነፃ ስላልሆነ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው የሚበጠበጠው። ከዚያ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማብረድና አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር። ከሕፃኑ የተረፈውን ድፉት፤ ሳይነካ የቆየውንም ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አታስቀምጡ። ጡጦ በየጊዜው ተቦርሾ መቀቀል አለበት። ይህ የማይመች ከሆነ በትንሽ ስኒ ማጠጣት ይሻላል፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል፣ አራስም ቀስ ተብሎ ከንፈሩ ላይ ሲደረግለት መጠጣት ይችላል። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ ዓይኑን እያያችሁ አጠጡት፤ ጡጦውን በትራስ አስደግፎ መተው ትንታ ያመጣል።

እየጠገበ መሆኑንና መታመሙን በምን እናውቃለን?

ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ካረጠበ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ከመለሰ፣ ከዚያ በኋላም በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ከጨመረ እየጠገበ ነው። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ አስመዝኑት፣ ካርዱ ላይ አስጽፉ።

መጥባት ወይም መጠጣት ካቆመ፣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ ሳይመሽ ሐኪም ቤት ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም። እትብቱ ደረቅ ይሁን፤ ጤና ባለሙያ ከሰጣችሁ ቅባት ሌላ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትንኩበት። እንጥል ማስቆረጥና የድድ ጥርስ ማስነቀል የምታውቁት ትልቅ ሰው ቢመክራችሁም አይደረግም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። የልጁ ሕጋዊ ወላጅ ሳትሆኑ ይህን ማድረግ ደግሞ አደራውን ያስነጥቃል።

ክትባቱ ሲወለድ በቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና በፖሊዮ ጠብታ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኝ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ነው። የክትባት ታሪኩ ካልታወቀ እንዳልወሰደ ተቆጥሮ እንዲጀመርለት ጠይቁ።

እናቱ ያልታወቀች ሕፃን ኤች አይ ቪ ይኖርበት ይሆን?

ይህ ጥያቄ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው፤ መልሱ ግን ግልጽ ነው። በአራስ ላይ የሚደረገው ተራ ፈጣን ምርመራ የሚያሳየው ከእናቱ የተላለፈለትን ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመነጨውን) ስለሆነ፣ «ፖዘቲቭ» ቢል ሕፃኑ ተጋልጧል እንጂ ተይዟል ማለት አይደለም። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ (ፒሲአር) በስድስት ሳምንት ላይ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ይደረጋል። የተጋለጠ ሕፃን መከላከያ መድኃኒቱን ከውጤቱ በፊት ነው የሚጀምረው፤ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞል ይጨመርለታል።

ምርመራው ሳያልቅ «አንፈልገውም» ያሉ ቤተሰቦች የመለሷቸው ብዙ ሕፃናት ኋላ ነፃ ሆነው ተገኝተዋል። ቫይረሱ ያለበትም ቢሆን መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ያገባል።

በአደራው ጊዜ ምን ማድረግ አንችልም?

ሳታስፈቅዱ ከከተማ ውጭ ማሳደር፣ ለዘመድ አሳልፎ መስጠት፣ ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ፣ ስሙን በራስ ሥልጣን ማስቀየር አይቻልም። ድንገተኛ ሕክምና ወዲያው ታስደርጋላችሁ፤ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ግን ፈቃዱን የሚፈርመው አደራ ሰጪው ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱን ባለሙያ ሌሊትም የሚሠራ ስልክ ያዙ።

የክርስትና ጉዳይ ብዙ ያጋጫል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይነሳ የሚለው የአያቶች ግፊት ከፍርድ ቤቱ ቀን ይቀድማል። ቤተሰቡ የሚታወቅ ሕፃን ከሆነ የሃይማኖት ውሳኔው የእናንተ አይደለም። ያልታወቀ ከሆነም አደራ ሰጪውን በደብዳቤ ጠይቃችሁ መልሱን ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

የወሊድ ፈቃድ እናገኛለን?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ለወለደች ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በአደራ የተቀበለች ሴት በዚህ አንቀጽ መጠየቅ ይቸግራታል። የዓመት ፈቃዳችሁን (በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን) አጠራቅሙ፣ የኅብረት ስምምነታችሁን አንብቡ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሕፃኑን ከተረከባችሁ በኋላ የተጀመረ ድርድር ሁልጊዜ ያከስራል።

በአደራው መካከል ወላጅ ወይም ዘመድ ቢገኝስ?

ሕፃኑ ወዲያው አይነጠቅም። የሚመጣው ሰው ዝምድናው ይጣራል፣ ቤቱ ይታያል፣ ማሳደግ የሚችል መሆኑ ይጠናል። ከተረጋገጠ ግን ይመለሳል፤ ለወራት ማሳደጋችሁ መብት አይሆንላችሁም። በዚህ ጊዜ መደበቅ፣ ከተማ መቀየር ወይም ዘመዱን በገንዘብ ማባበል በወንጀል ያስጠይቃል። ለወደፊት ለሌላ ሕፃን የምታቀርቡትን ጥያቄም ይዘጋዋል።

ማድረግ የምትችሉት ብዙ ነው። ርክክቡ በአንድ ቀን ሳይሆን በጉብኝት እንዲጀመር ጠይቁ። የሚተኛበትን ሰዓት፣ የወተቱን ዓይነት፣ የሚያባብለውን ነገር ጽፋችሁ ስጡ፤ የሚያውቀውን ብርድ ልብስ ሳታጥቡ አብራችሁ ላኩ፣ ሽታው ያረጋጋዋል። ለራሳችሁም እዘኑ። ጎረቤት «የሰው ልጅ አይደል እንዴ» ይላል፤ ያ ቃል ይጎዳል፤ ሐዘናችሁ ግን የእውነት ሐዘን ነው፣ የሚያስተዛዝን ሰው ይገባችኋል።

ፍርድ ቤት ምን ይመለከታል? ከጸደቀ በኋላስ?

አዲስ አበባ ላይ ማመልከቻው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይቀርባል። ሁለታችሁም በአካል ትቀርባላችሁ። ችሎቱ የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፦ ውሉ፣ የወላጅ ወይም የማሳደጊያው ፈቃድ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛው ሪፖርት፣ የማሳደግ አቅማችሁ። ቀጠሮ የሚያስረዝመው በአብዛኛው የወረቀት ግድፈት ነው፤ በፖሊስ ማስረጃው፣ በክትባት ካርዱና በውሉ ላይ የሕፃኑ ስም ወይም የተገኘበት ቀን ሲለያይ። ከማመልከታችሁ በፊት ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ልጁ የሚጠራበትም ስም በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጠየቅ።

ውሳኔው ሲወጣ በማኅተም የተረጋገጡ በርከት ያሉ ግልባጮች ውሰዱ፤ ትምህርት ቤት፣ ፓስፖርት፣ ባንክ እያንዳንዱ ይጠይቃል። ቀጥሎ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ (አዋጅ ቁጥር 760/2004) ጉዲፈቻውን ሳትዘገዩ አስመዝግቡ።

ሙስሊም ቤተሰብ ነን፤ ይህ ለእኛ ይሆናል?

ወላጅ የሌለውን ማሳደግ በእስልምና ትልቅ ምንዳ አለው፤ የማይፈቀደው የዘር ሐረጉን መቀየር ነው (አል አሕዛብ 33፡5)። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ጉዲፈቻን ትተው በፍርድ ቤት አሳዳሪና ሞግዚት መሆንን ይመርጣሉ፤ ልጁ የታወቀ የአባት ስም ካለው ይዞት ያድጋል። ከሁለት ዓመቱ በፊት ሚስት ወይም የቅርብ ዘመድ ካጠባችው የጡት ዝምድና ስለሚፈጠር፣ ካደገ በኋላ የሚነሳውን የመሐረምነት (ጋብቻ የማይፈቀድበት የቅርብ ዝምድና) ጥያቄ ይፈታል። ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ ዓሊማችሁን ጠይቁ፤ የምታጠባዋም አስቀድማ የኤች አይ ቪ ምርመራ ታድርግ። ለልጁ ንብረት ማስቀረት የምትፈልጉ በሕይወት ሳላችሁ በስጦታ፣ ወይም ከሀብታችሁ እስከ ሲሶው በኑዛዜ ማድረግ ትችላላችሁ።

ውጭ አገር እንኖራለን፤ ከኢትዮጵያ ሕፃን መውሰድ እንችላለን?

በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ለውጭ አገር ዜጋ የሚሰጥ ጉዲፈቻ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ዜግነታችሁን ይዛችሁ የምትኖሩ ከሆነም የአደራው ጊዜ ሕፃኑ በሚጎበኝበት ቤት አብራችሁት እንድትኖሩ ይጠይቃል፤ ብር እየላኩ በእህት ቤት ማሳደግ አደራ መቀበል አይደለም። የምትኖሩበት አገር ቪዛ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ በተለመደው የቤተሰብ ማመልከቻ የጉዲፈቻ ልጅን ለመቀበል ሁለት ዓመት ሕጋዊ አሳዳጊነትና ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ትጠይቃለች። ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ ሳታማክሩ ሕፃን አትረከቡ፤ ወረቀቱ ሳያልቅላችሁ ተመልሳችሁ ብትሄዱ የሚጎዳው እሱ ነው።

ለልጁ መቼ እንንገረው? ወላጅ እናቱ ከዓመታት በኋላ ብትመጣስ?

ገና በጡጦ ሳለ ጀምሩ። «ከሌላ እናት ተወልደህ ወደ እኛ መጣህ» የሚለውን ቃል ሕፃኑ ሳይገባው መናገር አንደበታችሁን ያለማምዳል፤ እሱም ያወቀበትን ቀን የማያስታውሰው ተራ ነገር ይሆንለታል። ደብቀው የሚያሳድጉ ሰዎች ምስጢሩ በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል። ሰፈሩ ግን ያውቃል፤ ልጁ የሚሰማው በትምህርት ቤት ጸብ ወይም በለቅሶ ቤት ይሆናል። ሲጠይቅ የምታውቁትን ብቻ ንገሩት፤ ስለማታውቋት እናቱ ክፉም ደግም አትፍጠሩ። «ስለማትወድህ ጣለችህ» አይባልም፤ «ስለምትወድህ ተወችህ»ም አይባልም፤ ሁለተኛው መወደድን ከመተው ጋር ያያይዝበታል።

ወላጅ እናት ብትመጣ ጉዲፈቻው አይፈርስም። ሕጉ ጉዲፈቻ እንዳይሻር ይደነግጋል፤ ልዩነቱ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለጥቅም ብሎ ወደ ብልግና ካሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ፍርድ ቤት ሊሽረው መቻሉ ነው። ይኸው ሕግ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንዳይቋረጥ አድርጎታል፤ ምርጫ ሲመጣ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ስለዚህ በር ላይ አትጣሏት፣ ልጁንም በድንገት አታገናኙ። ስልኳን ተቀብላችሁ ጽሕፈት ቤቱን አስታውቁ፤ መጀመሪያ እናንተ ባለሙያ ባለበት አግኟት፣ ልጁ ለመጠየቅ ከደረሰ ፈቃዱን ጠይቁት፣ የመጀመሪያው ግንኙነትም ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።